«በእርሾ ማን ይበላል?» ላሉሽ ቤተሰቦችሽ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። በሽታ አምጪ እርሾዎች እንዴት እንደሚዳቀሉ አንብበሽ ልብሽ እዚያው ቀርቷል፤ መሐል ሜዳ ያሉት ቤተሰቦችሽ ግን «በእርሾ ማን ይበላል?» አሉሽ። ልተወው ወይስ ልግፋበት ነው ጥያቄሽ።

አትተዪው።

ለቤተሰቦችሽ በገብስ አስረጃቸው። የመንዝ ገበሬ ዘሩ ከሰመረለት ያንኑ ደጋግሞ ይዘራል፤ ውርጭ ሲያስቸግረው ግን ከሌላ ቀበሌም ቢሆን ዘር ይለውጣል። እርሾም እንደዚያው ነው። ሲመቸው ብቻውን እያቆጠቆጠ ይበዛል፣ ልጁም የእናቱ ግልባጭ ነው። ሲቸግረው ይዳቀላል። ኤችአይቪ ያለባቸውን ሰዎች በማጅራት ገትር የሚገድለው ክሪፕቶኮከስ የተባለው እርሾ «ኤ» እና «አልፋ» የሚባሉ ሁለት ጾታዎች አሉት፣ ከሕመምተኞች የሚገኘው ግን ከሞላ ጎደል አልፋ ብቻ ነው። ታዲያ ከማን ጋር ይዳቀላል? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አልፋ ከአልፋ ጋር እንደሚዳቀል አሳየ! ከዚያ የሚወጡት ስፖሮች (የፈንገስ ዘር በያቸው) ደቃቅ ስለሆኑ በትንፋሽ ሳንባ ድረስ ይገባሉ። ካንዲዳ አልቢካንስ የሚባለው ሌላው በሽታ አምጪ እርሾ ደግሞ «ጭራሽ አይዳቀልም» ሲባል ኖሮ በ2000 ሲዳቀል ታየ። ከተዳቀለ በኋላ እጥፍ የሆነውን ክሮሞሶም (የዘር መረጃ ተሸካሚውን) በዘፈቀደ እየጣለ ይቀንሳል፣ በዚህ መሀል የክሮሞሶም ቁጥሩ የተዛባበት አንዳንዱ ፍሉኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት መቋቋም ይጀምራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ እርሾ ፈንገስ ነው፣ የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ ዓይነቱ ጥቂት ነው።

ወደ እንጀራው እንምጣ። የባዮሎጂ ዲግሪ ብቻውን የሆስፒታል ላብራቶሪ አያስቀጥርሽም፣ እዚያ የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ያንቺ መንገድ በማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ ነው፤ ከዚያ ማስተማርም አለ፣ አዲስ አበባ እንዳለው አርማወር ሐንሰን ዓይነት የምርምር ተቋምም አለ። ረጅም ነው፣ አልዋሽሽም። እስከዚያው ግን እዚያው አፍንጫሽ ስር ያሉትን የሐበሻና የዳሽን ቢራ ፋብሪካዎች አስቢያቸው። ቢራ ያለ እርሾ አይጠመቅም፤ የጥራት ላብራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እርሾ መቁጠር፣ ባዕድ እርሾ መለየት፣ ሳይበከል ማሳደግ የዕለት ሥራ ነው። በክረምቱ ለልምምድ አመልክቺ። በሽታ አምጪ ባይሆንም እጅሽ የሚለምደው ሙያ ያው ነው፣ ደግሞ ቤተሰቦችሽ በእርሾ የሚበላ ሰው በዓይናቸው ያያሉ።

ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የመመርመሪያ ዘዴ) የሚሠራ መምህር ካለ የመመረቂያ ጥናትሽን ከእሱ ጋር ያዢ። የማመልከቻ ደብዳቤውን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አርሜ እመልስልሻለሁ። ውጤትሽን ሳትጽፊልኝ ቀርተሻል፣ እሱንም ጨምሪበት።