ታፕ የማያደርግ ጓደኛ አለኝ፤ እጁን ብሰብረውስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ 26 ዓመቴ ነው። ከሥራ በኋላ ጁጂትሱ (መገጣጠሚያ በመቆለፍና አንገት በማነቅ የሚታገሉበት ስፖርት) እሠራለሁ። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ በዕድሜም በልምድም ይበልጠኛል፤ ግን ክንዱን ቆልፌ ስይዘው ታፕ አያደርግም፤ ማለትም «እጅ ሰጠሁ» ለማለት በእጁ መታ መታ አያደርግም። ጥርሱን ነክሶ ይታገላል። ፈርቼ ስለቀው ደግሞ «መቼ ያዝከኝና!» ይለኛል። ባለፈው ቅዳሜ አርምባር (ክርንን ወደ ኋላ የሚዘረጋ ቁልፍ) ይዤው ሊገለበጥ ሲል ክርኑ ቋ አለ። አሁን አብጧል፤ እጁን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አልቻለም። ወጌሻ ጋ ሄዶ ሊታሽ ነው። ምን ላድርግ? ታላቄ ስለሆነ መናገሩም ከብዶኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ስልክ ይደውሉለትና ወጌሻ ጋ እንዳይሄድ ይንገሩት። የልምምዱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ክርን ከቀጥታው አልፎ ወደ ኋላ ሲገፋ መጀመሪያ የሚጎዱት መገጣጠሚያውን ከፊት የሸፈነው ስስ ከረጢትና በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ናቸው። ኃይሉ ከበዛ አጥንት ይሰነጠቃል ወይም ክርኑ ከቦታው ይወልቃል። የሰማችሁት ድምፅ ብቻውን የትኛው እንደተጎዳ አይነግረንም። በደንብ የሚነግረን ቀላል ፍተሻ አለ፦ ሰውየው ተቀምጦ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሁለቱንም ክንዶች በአንድ ጊዜ ይዘርጋ። የተጎዳው እንደ ጤናማው እኩል ቀጥ ካለ ስብራት የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። ቀጥ ካላለ ራጅ ያስፈልገዋል። እርስዎ እንደጻፉልን መዘርጋት አልቻለም፤ ስለዚህ አዳሬም ይሁን ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሄዶ ራጅ ይነሣ። ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ከደነዘዙ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ወይም ጥፍሩን ጫን ብላችሁ ስትለቁት ቀለሙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልተመለሰ ግን ነገ አይባልም፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

ወጌሻዎች ቅርብ ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ ብዙ ሰውም ያምናቸዋል። ለዚህ ጉዳት ግን አይሆኑም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛው መታሸቱ ነው። ውስጡ የደማ ክርን ሲታሽና በጉልበት ሲጎተት በጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ክርኑም ታጥፎ ይቀራል። ሁለተኛውና የሚያስፈራኝ እስሩ ነው። ያበጠ ክንድ በቀርቀሃ ወይም በእንጨት ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ ያጣና የራሱን የደም ሥሮች ይጫናል። ደም ያጣ ጡንቻ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል። በዚህ ሰበብ እጅ መቁረጥ የግድ የሆነባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቁ ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። ደውለው ቀድሞ ታስሮ ካገኙት ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ቀና ያድርግለት። ያ ከባድ ሕመም ካመጣበት እስሩ ወዲያው ተቆርጦ ይነሣ፤ ወደ ሆስፒታልም ይሂድ፤ እስኪነጋ አይጠበቅ።

እስከዚያው ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። ክንዱ በሚመቸው ማዕዘን ታጥፎ በነጠላ ከአንገቱ ይንጠልጠል። በረዶ በፌስታል ሆኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝለት፤ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይደገም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየስምንት ሰዓቱ ይበቃል። ጉበቱን የታመመ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ከሆነ ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ።

ወደ ልምምዱ እንምጣ። ጓደኛዎ ሲያመኝ እመታለሁ ብሎ ነው የሚጠብቀው፤ እርስዎም ሕመሙን እየጠበቁ ነው የሚጨምሩት። ሁለታችሁም የምትጠብቁት ምልክት ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ክርን ላይ ትንሽ ማስጠንቀቂያ አለ። በኪሙራ (ክንድ ታጥፎ ወደ ኋላ በሚጠመዘዝበት ቁልፍ) ትከሻ ሲጠመዘዝ ማስጠንቀቂያው ያንሳል፤ የላይኛው የክንድ አጥንት ተጠማዞ ሊሰበር፣ አጠገቡ ያለው ነርቭም ተጎድቶ የእጅ አንጓ ወደ ታች ሊወድቅ ይችላል። በሂል ሁክ (ተረከዝ ተይዞ እግር በሚጠመዘዝበት ቁልፍ) ጉልበት ሲጠመዘዝ ደግሞ አመመኝ የሚባለው ብዙ ጊዜ ጅማቱ ከተቀደደ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሰው ጋር ሂል ሁክ በጭራሽ አይሥሩ።

ማቆሚያው መሆን ያለበት የክንዱ አቀማመጥ ነው፤ የሚያቆሙትም እርስዎ ነዎት። አርምባር ሲይዙ ጉልበቶችዎን አጣብቁ። አንጓውን ደረትዎ ላይ አጥብቀው ይያዙ፣ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይሁን። ዳሌዎን ቢያንስ ሦስት ሴኮንድ ወስደው ያንሡ፤ የሚገፋው ዳሌዎ፣ የሚከላከለው የእሱ የክንድ ጡንቻ ስለሆነ ግጥሚያው እኩል አይደለም። ክርኑ ቀጥ ሲል ይቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚጨምሯት እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ከጅማቱ ነው የምትወጣው። «ይዤሃለሁ» ይበሉ፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል ይቆዩ፣ ይልቀቁ፣ እንደገና ይጀምሩ። መንጨቅ የለም፤ መንጨቅ ለመምታት ጊዜ አይሰጥም። ሰውየው ክንዱ ተቆልፎ እያለ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከተገለበጠ ደግሞ ክርኑን የሚሰብረው የራሱ ክብደት ነው፤ ቅዳሜ ዕለት የሆነውም ይህ ይመስለኛል። መገልበጥ ሲጀምር አንጓውን ይልቀቁ። ቦታ ያጣሉ፤ ይጡ።

ኪሙራ ስሙን ያገኘው ከጃፓናዊው የጁዶ ተፋላሚ ማሳሂኮ ኪሙራ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዲ ጄኔሮ ውስጥ ከብራዚላዊው የጁጂትሱ ተፋላሚ ሄሊዮ ግሬሲ ጋር ሲገጥም ሄሊዮ በዚህ ቁልፍ ተይዞ እጅ አልሰጠም፤ ፍልሚያውን ያስቆመው ወንድሙ ካርሎስ ነበር። በዚያ ትልቅ ግጥሚያ እንኳ ከዳር ቆሞ የሚያስቆም ሰው ነበረ። ማታ በልምምድ ሰዓት፣ አሰልጣኙ ሌላ ጥንድ ሲያይ፣ ከእርስዎ በቀር የሚያስቆም የለም።

አለመምታት ሁልጊዜ እልህ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ሰው ክርኑ በተፈጥሮው 10 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቀጥ ማለቱ ምንም አይመስለውም። ሌላው ከልምምድ በፊት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጦ ይመጣል፤ ማስጠንቀቂያውን ራሱ አደብዝዞታል ማለት ነው። ይህን በግልጽ ይጠይቁት። ማስታገሻ በወሰደበት ቀን ቁልፍ አትሥሩ።

አንገት ሲታነቅ ግን ሕጉ ሌላ ነው። በሁለቱም ጎን ያሉት የደም ሥሮች በደንብ ከተያዙ ሰው በ10 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ይስታል። ያልመታ ሰው ምናልባት መምታት የማይችል ሰው ሊሆን ይችላል። እጁን ይመልከቱ፦ ከላላ፣ ወይም የማንኮራፋት ድምፅ ከሰሙ፣ ያኔውኑ ይልቀቁ። ከእንዲህ ዓይነት ጓደኛ ጋር ማነቂያው በደንብ ከገባ ከሦስት ሴኮንድ በላይ አይያዙ። ራሱን ከሳተ በጀርባው ያስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርገው የአየር መንገዱን ይክፈቱ። ብዙዎች ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ውስጥ ይነቃሉ፤ እጅ እግሩ ቢንቀጠቀጥም የሚጥል በሽታ ያዘው ብላችሁ ክብሪት አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ውሃም አትድፉበት። በግማሽ ደቂቃ ካልነቃ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው። ካልተነፈሰ ደረቱ መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪጠልቅ ተጫኑ። የነቃ ሰው ያን ቀን ወደ ምንጣፍ አይመለስም። በቀጣዮቹ ቀናት የአንገት ወይም የራስ ሕመም በአንድ ወገን ከጸናበት፣ የዐይኑ ሽፋን ከወረደ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም አንድ ጎኑ ከደከመ የአንገቱ የደም ሥር ውስጠኛው ግድግዳ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ሆስፒታል ይድረስ። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ወጣት ሰው ላይ ስትሮክ ያመጣል።

ለመናገር የከበደዎት ይገባኛል። ላባችሁ ሳይደርቅ አይናገሩት፤ ልምምድ ሳይጀመር፣ ለብቻው ይሁን። «ክርንህ ቀጥ ሲል እለቅሃለሁ፤ ያዝኩህ ብዬም አልቆጥርብህም። ቀጥ ሲል መታ አድርግልኝ። ካልሆነ ቁልፍ እንተውና ጥሎ መያዝ ብቻ እንሥራ።» ታላቅነቱ አፍዎን ከያዘው አሰልጣኙን መሀል ያስገቡ፤ ሕጉንም ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ያውጅ፦ ክንድ ቀጥ ሲል ጨዋታው ይቆማል፣ ሁለቱም እጁ የተያዘበት «በቃ!» ይላል ወይም በእግሩ ምንጣፉን ይመታል። ይህን ካልተቀበለ አብረውት አይግጠሙ። እንደዚህ ማለት ንቀት አይደለም፤ እጁ ያስፈልገዋል።

ራጁ ስብራት ከሌለበት ክርኑ በነጠላ ተንጠልጥሎ መክረም የለበትም፤ ከሦስት ሳምንት በላይ ያልተንቀሳቀሰ ክርን ይደርቃል። ሕመሙ ጋብ ሲል በቀን ሦስት አራት ጊዜ ራሱ በቀስታ ያጥፍ፣ ይዘርጋ፤ ማንም አይጎትትለት። ቀላል ጉዳት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ጅማቱ ከተበጠሰ ሦስት ወርና ከዚያም በላይ። የሚመለሰው ክርኑ እንደ ሌላኛው እኩል ሲዘረጋና ፑሽአፕ ሲሠራ ሳያመው ነው። ሲመለስም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ክርኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ይጠቅልል፤ አብሮት የሚሠራ ሁሉ አይቶ በዚያ ክንድ ቁልፍ እንዳይሞክር።