መልስ፦ ኮኮኬይ ደሴት ላይ ምግብና መጠጥ ይከፈልበታል?

እህትዎ ከማያሚ በሚነሳው የሮያል ካሪቢያን መርከብ ይዛዎት ስለምትሄድ፣ ከድሬዳዋ ሲነሱ ለደሴቱ ምሳ ስንት ዶላር መያዝ እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ኮኮኬይ ባሃማስ ውስጥ የሚገኝና ኩባንያው ለራሱ ተሳፋሪዎች የሚያስተዳድረው ደሴት በመሆኑ፣ በቺል ግሪል፣ በስኪፐርስ ግሪልና በስናክ ሻክ የሚቀርበው ምግብ በጉዞው ዋጋ ውስጥ ተካቷል፤ ካፕቴን ጃክስን በመሰሉ ጥቂት ቤቶች ግን ይከፈላል። በደሴቱ ላይ ለብቻው የሚከፈልበት የባህር ዳርቻ የሆነው የኮኮ ቢች ክለብ ምሳ ከመግቢያው ክፍያ ጋር የተያያዘ ስለሆነና መግቢያውም ውድ ስለሆነ፣ ለምሳ ብቻ ብሎ መግባት አያዋጣም።

ሒሳቡን የሚያከብደው መጠጥ ነው። ውሃ በነጻ ይገኛል፤ ለስላሳ፣ ቢራና ኮክቴል ግን ይከፈልባቸዋል፤ በዋጋቸውም ላይ 18 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይታከላል። እንደ ቀፊራ ገበያ ጥሬ ገንዘብ ቆጥረው አይከፍሉም፤ ሒሳቡ በመርከቡ ካርድ ተመዝግቦ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በዚያ ፀሐይ ስንት ጊዜ እንዳዘዙ ሳይታወቅዎ እንዳይከማች እሰጋለሁ። በመርከቡ ላይ የገዙት የመጠጥ ጥቅል፣ ማለትም መጠጥ በየጊዜው ከመክፈል ይልቅ አንድ ጊዜ የሚከፈልበት አማራጭ፣ ደሴቱ ላይም ያገለግላል። ይህ ግን የሁሉም ኩባንያ ደንብ አይደለም፤ ሌላው የመርከብ ኩባንያ ኖርዌጂያን በግሬት ስተራፕ ኬይ ደሴቱ ከማርች 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመርከቡ ጥቅል እንደማይሠራ አስታውቋል። ስለዚህ እህትዎ ጥቅሉን አስቀድማ ገዝታ እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቋት።