ሜይጂ ሙራ በግማሽ ቀን ያልቃል?

«ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ አንድ ቀን አለኝ፤ ሜይጂ ሙራን በግማሽ ቀን አይቼ መመለስ እችላለሁ?» ብለው ለጠየቁት፦ አይበቃዎትም፤ ቀኑን ሙሉ ይስጡት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የተከፈተው ይህ ሙዚየም አንድ ሕንፃ ሳይሆን በኢሩካ ሐይቅ ዳር በኮረብታ ላይ የተዘረጋ ሰፊ መንደር ነው። ከ60 በላይ አሮጌ ሕንፃዎች ከየነበሩበት ተነቅለው እዚያ ዳግም ቆመዋል። ከናጎያ በባቡር እስከ ኢኑያማ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ዳገት አለውና አዲስ ጫማ አያድርጉ፤ እኔ አድርጌ ተቀጥቼበታለሁ።

ጉልበትዎን ግን ከዋናው በር ርቆ ለሚገኘው ለቶኪዮው ኢምፔሪያል ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ያስተርፉ። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት የነደፈው ይህ ሆቴል በ1923 ሊመረቅ በተዘጋጀበት ዕለት ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው፤ ቆሞ ተረፈ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ያፈረሰው የሰው እጅ ነው! ሕንፃው የተሠራበትን ኦያ የተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠጋ ብለው ይዩት፤ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው፤ የጎደለው በኮንክሪት ተተክቷል። ከምሰሶዎቹ ውስጥ ደግሞ መብራት ይወጣል። ፎቁ ላይ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጠው ቁልቁል ቢያዩት ይሻላል።