ስለ አረንጓዴው ውሃ ጠይቁኝ፣ ከጅማ

ሰላም ጅማዎች፣ አረንጓዴ የለበሰ ኩሬ ፎቶ እየላካችሁ "ምንድነው" ስላላችሁኝ እዚሁ ልመልስ፣ ባዮሎጂ ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ አልጌ ነው አይደል?
ሰዉ አልጌ ይበለው እንጂ ባክቴሪያ ነው፣ ሳይኖባክቴሪያ። ሴሉ ኒውክለስ የለውም፣ ግን ክሎሮፊል ስላለው እንደ ተክል በፀሐይ ምግቡን ሰርቶ ኦክስጅን ይለቃል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ፊኮሳያኒን በሚባል ቀለም ነው።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ማለት ነው እንዴ?
ኧረ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ! እምቦጭ ሥርና ቅጠል ያለው፣ ሚያብብ ተክል ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከብቶቻችን ከኩሬ ነው ሚጠጡት፣ በምን ልለየው?
ረጅም እንጨት ክተትና አውጣው። እንደ ፀጉር ክር ክር እያለ ከተንጠለጠለ ብዙውን ጊዜ ተራ አልጌ ነው፣ እንደ ቀለም እንጨቱን ከቀባው ግን ጠርጥር። ሌላው፣ ጓንት አድርገህ በላስቲክ ጠርሙስ ቅዳና ሳትነካካው አሳድረው፣ ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ተሰብስቦ ካገኘኸው ሳይኖባክቴሪያ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው ምክንያቱም እነ ማይክሮሲስቲስ የሚባሉት ዓይነቶች ሴላቸው ውስጥ በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሏቸው ብርሃን ፍለጋ ይንሳፈፋሉ። መርዝ አለው የለውም የሚለውን ግን ላብራቶሪ እንጂ ዓይን አይለየውም፣ እስከዛው ከብቶቹን ከዛ አርቅ፣ ልጆችም አይዋኙበት።

ጥያቄ፦ አፍልተን ብንጠጣውስ?
እህቴ በፍጹም! ማይክሮሲስቲን የሚባለው መርዝ በመፍላት አይጠፋም፣ ጭራሽ ሴሉ ሲፈነዳ ውስጡ የነበረው ሁሉ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። የሚመታው ጉበት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ብራዚል ካሩዋሩ ከተማ ውስጥ ኩላሊት ማጠቢያ ውሃው ይሄ መርዝ ስለነበረበት ከ50 በላይ ታካሚዎች ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜ ልክ ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው፣ አስቡት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ።

ጥያቄ፦ ለምን ድንገት ይበዛል ታዲያ?
ምግብ (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ)፣ ሙቀትና የረጋ ውሃ ሲገጥሙለት። እንደ አዌቱ ሚፈስ ወንዝ አይመቸውም፣ ኩሬና ግድብ ነው ሚወደው። ዝናቡ ከማሳ አፈርና ማዳበሪያ ጠርጎ ያመጣል፣ የሽንት ቤት ፍሳሽም ይጨመርበታል፣ ከዛ ፀሐይ ሲወጣ በቃ። እኔን በጣም ሚገርመኝ አናቤና የሚባለው፣ ሴሎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙት ዓይነት ነው፣ ናይትሮጅን ሲያጣ ከአየር ይወስዳል፣ ግን ይህን ሚሰራው ኢንዛይም በኦክስጅን ይበላሻል እሱ ራሱ ደግሞ ኦክስጅን አምራች ነው፣ ስለዚህ ከሰንሰለቱ መሃል አንዳንድ ሴሎች ግድግዳቸውን አወፍረው ኦክስጅን ማምረት አቁመው ለዚህ ሥራ ብቻ ይለያሉ፣ ሄትሮሲስት ይባላሉ። ለዛ ነው ናይትሮጅን ብቻ መቀነስ ማይበቃው፣ ፎስፈረሱም መቀነስ አለበት።

ጥያቄ፦ ስፒሩሊና እያሉ ሚሸጡት አረንጓዴ የምግብ ማሟያስ?
ዘመዱ ነው። ጪቱ ሐይቅና ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ላይ በተፈጥሮ ይበቅላል፣ ትንሹ ፍላሚንጎም እሱን አጣርቶ ነው ሚበላው። ሚሸጠው ግን ተለይቶ ስለሚመረት "እኔም ከኩሬዬ ልቅዳ" እንዳትሉ አደራ።

ጥያቄ፦ ኦክስጅን ከነሱ መጣ ሚባለው እውነት ነው?
አዎ፣ ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አየሩን መሙላት የጀመሩት እነሱ ናቸው። የቡናችን ቅጠል ውስጥ ያለው ክሎሮፕላስትም (በፀሐይ ምግብ የሚሰራው የሴሉ ክፍል) የጥንት ሳይኖባክቴሪያ ዘር ነው።

ጥያቄ፦ ዓሣውስ ይበላል?
አረንጓዴው በወፈረበት ሰሞን ባይበላ ይሻላል። ካጠመዳችሁም ጉበቱንና ሆድቃውን ጣሉት፣ መርዙ በብዛት እዛ ነው ሚጠራቀመው፣ ሞቶ የተንሳፈፈውን ግን ለውሻም አትስጡ።