መዝገባችሁን ይዛችሁ ስብሰባ ግቡ፤ ለወጣት ነርሶች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ለምታገለግሉ ወጣት ነርሶች ነው። ከመካከላችሁ ነገ ሜትረን፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊ፣ የሚሆኑ፣ በክፍለ ከተማና በጤና ቢሮ ወንበር የሚይዙ አሉና የጤና ተጽዕኖ ግምገማን ከአሁኑ እንድትለምዱት እፈልጋለሁ።

በስዊድኗ ጎተንበርግ ከተማ ስም የሚጠራው የ1999 እ.ኤ.አ. የስምምነት ሰነድ ግምገማውን ሲተረጉም፣ አንድ ፖሊሲ ወይም ፕሮጀክት በሕዝብ ጤና ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ውጤት ብቻ ሳይሆን፣ ውጤቱ በየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል ላይ እንደሚያርፍም መመዘን እንደሚገባ ያስቀምጣል። የነርስ ድርሻ ያለው እዚህ ላይ ነው። የትኛው ብሎክ ውሃ በፈረቃ እንደሚያገኝ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የምትኖር ነፍሰ ጡር ጄሪካን ተሸክማ ደረጃ እንደምትወጣ የሚሰማው፣ ካርታ የሚያነበው መሐንዲስ ሳይሆን የቅድመ ወሊድ ክትትል የሚያደርገው ባለሙያ ነው።

የተመላላሽ ሕክምና መዝገባችሁን ግለጡ። አድራሻ በሚለው ዓምድ «አዲስ አበባ» ብሎ ማለፍ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ይህ ልማድ ሁልጊዜ ያናድደኛል። የብሎክ ቁጥሩ በጥንቃቄ ቢሞላ፣ በተቅማጥ የሚመጡት ሕፃናት ከአንድ አካባቢ መሆን አለመሆናቸው በወሩ መጨረሻ ይታያል። ይህን የያዘች አንዲት ገጽ፣ ምን እንደታቀደ፣ ማን እንደሚጎዳና በዕቅዱ ላይ ምን ቢስተካከል እንደሚሻል ተጨምሮባት፣ በወረዳ ስብሰባ ላይ ከረጅም ምሬት ይልቅ ታሳምናለች።

የሕግ መሠረት የለንም አትበሉ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ተጽዕኖ የሚለውን ሲተረጉም የሰውን ጤንነትና ደኅንነት ያካትታል፤ የግምገማው ጥናት ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበትም ያዝዛል። አስተያየቱን አንድ ግለሰብ ብቻ ከሚሰጥ የጤና ጣቢያው የነርሶች ክፍል በጽሑፍ ቢያቀርበው ክብደቱ ይጨምራል። ጊዜው ግን አይለፋችሁ፤ ቦታው ተመርጦ ጨረታው ከወጣ በኋላ መናገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከክምሩ ሥር ቤተሰቦች ይኖሩ እንደነበር ለማንም አዲስ ነገር አልነበረም።

ሐሳባችሁ ተቀባይነት አግኝቶ ለምሳሌ የውሃ ቧንቧ ሲዘረጋም ሥራው አያልቅም። ክትትል ከግምገማው ደረጃዎች ሁሉ ቶሎ የሚዘነጋው ነው። ከግንባታው በፊትና በኋላ ያሉትን የመዝገብ ወራት አመሳክሩ፤ በተቅማጥ የሚመጡት ሕፃናት ቁጥር ካልቀነሰ ወረዳውን በዚያው ገጽ መልሳችሁ ጠይቁ።