ለአዲስ አልበም ጆሮ ስለመስጠት

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ሁለታችሁ ስቱዲዮዬ ውስጥ ሥራችሁን ትታችሁ ስትከራከሩ ሰማኋችሁ። የምትወዱት ራፐር አዲስ አልበም ካወጣ ገና አንድ ቀን አልሞላውም ነበር። አንዳችሁ «አለቀለት» አላችሁ፤ ሌላችሁ «የመጀመሪያውን የሚያህል መቼም አይሠራም» አላችሁ። ስንት ጊዜ እንደሰማችሁት ስጠይቅ «ስንመጣ መኪና ውስጥ ግማሹን» አላችሁኝ። ሚክስ ላይ፣ የተቀዱ ድምፆችን እያመጣጠንኩ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም፤ ይህንኑ ክርክር በእናንተ ዕድሜ ተከራክሬዋለሁና።

የእኔ ሰው ራፐሩ ናስ ነበር። የመጀመሪያ አልበሙ «ኢልማቲክ» በሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እኔ ዋሽንግተን ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ቀን ቀን የድምፅ ቀረጻ እማራለሁ፣ ማታ ማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። ናስ ኒውዮርክ ውስጥ ኩዊንስብሪጅ በሚባል ሰፊ የመንግሥት ቤቶች መንደር ያደገ የ20 ዓመት ልጅ ነው። አልበሙ 10 ትራክ ብቻ፣ 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ዲጄ ፕሪሚየር፣ ፒት ሮክ፣ ኪው ቲፕ፣ ላርጅ ፕሮፌሰርና ኤል ኢ ኤስ ቢቱን፣ ማለትም ከግጥሙ ሥር የሚሄደውን ሙዚቃ፣ ተከፋፍለው ሠርተውታል። አምስት ሰው ሠርቶት የአንድ ቤት ድምፅ ያለው አልበም ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንዱ ዘፈን ላይ ግጥሙ ሲያበቃ የናስ አባት፣ የጃዙ ሙዚቀኛ ኦሉ ዳራ፣ ኮርኔቱን፣ ያቺን ትንሽ ትራምፔት የምትመስል መሣሪያ፣ ይዞ ይገባል። ያቺን መጨረሻ ደጋግሜ እመልሳት ነበር። አባቴን ጥዬ ነው የመጣሁት። ሌላው ዘፈን ደግሞ እስር ቤት ላሉ ጓደኞቹ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ እኔም በዚያው ቲኬት ቤት ቁጭ ብዬ ለእናቴ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

በሐምሌ 1996 ሁለተኛው መጣ፤ «ኢት ዋዝ ሪትን»። አብዛኛውን ቢት ትራክማስተርስ የሚባሉ ፕሮዲዩሰሮች ሠርተውታል። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አዝማቹ ለሬዲዮ ይመቻል፣ ዘፋኟ ሎረን ሂልም ትዘፍንበታለች። የመጀመሪያው አልበም በቢልቦርድ፣ በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ፣ 12ኛ ሆኖ ነበር የገባው፤ ይህኛው ግን አንደኛ ሆነ። ለእኔና ለጓደኞቼ ያ ቁጥር ራሱ ማስረጃ ነበር። 12ኛ የወጣው የእኛ ነበር፤ አንደኛ የወጣው የሁሉም ሆነ። ሁለት ዘፈን ሰማሁና «ተሸጠ» ብዬ ፈረድኩ። ሲዲውን ቲኬት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ሚክሰር ፊት ነው። ሥራው ካስተማረኝ ነገር አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁ እሱ ነውና። የሰው ጆሮ በትንሹ ከፍ ብሎ የመጣለትን ድምፅ የተሻለ አድርጎ ይሰማዋል። «ይህኛው ጮኸ» አይልም፤ «ይህኛው ጠራ፣ ወፈረ» ይላል። ስለዚህ ሁለት ሚክስ ስናወዳድር መጀመሪያ ሌቭላቸውን፣ የድምፃቸውን ከፍታ፣ እኩል እናደርጋለን። ይህን ካላደረግን የምናወዳድረው ሙዚቃውን ሳይሆን ቮልዩሙን ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ማስተሪንግ ላይ፣ ማለትም አልበሙ ከመታተሙ በፊት ባለው የመጨረሻ ሥራ፣ ድምፅን ከፍተኛውን ጫፍ በሚገታ መሣሪያ (ሊሚተር) እየጨመቁ ከፍ የማድረጉ ፉክክር ባሰ። በዚያ ዘመን የተሠራ ሲዲ ከቀደመው ጋር ተከታትሎ ሲጫወት ማንም ቁልፍ ሳይነካ ይጮሃል። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደስ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ጆሮ ይደክማል። የደከመ ጆሮ ደግሞ «ነፍስ የለውም» ይላል። ከኤዲት በኋላ ሌሊት ላይ ያበላሸሁትን ሥራ ጠዋት በንጹሕ ጆሮ ስሰማ ስንት ጊዜ እንደደነገጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናንተ የድሮውን አልበም ሌሊት በጥሩ ሄድፎን ነው የሰማችሁት፣ መቶ ጊዜ፣ ግጥሙን በቃላችሁ እስክትይዙ። አዲሱን መኪና ውስጥ፣ በወሬ መሀል፣ ግማሹን። ይህ ፍርድ አይባልም። በዚያው ሄድፎን፣ በዚያው ቮልዩም፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ተዉትና እንደገና ስሙት። ያኔ ደካማ ከሆነ ደካማ ነው በሉ፤ ግን የትኛው ስንኝ፣ የትኛው ቢት፣ የትኛው አዝማች እንደሆነ ንገሩኝ። እኔ ራሴ ዛሬም ቢሆን «ኢልማቲክ» በጥቅሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ዛሬ ግን ለምን እንደሆነ ቁጭ ብዬ ላስረዳችሁ እችላለሁ፤ በ1996 አልችልም ነበር።

በ2010 ናስ ከሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ ጋር አንድ አልበም አወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን ሲጀምር ከወንበሬ ተነሣሁ፤ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው፣ ሳምፕል ተደርጎ፣ ከቅጂው ተቆርጦ አዲሱ ዘፈን ውስጥ ገብቶ! ብቻዬን ስቱዲዮ ውስጥ ነበርኩ፤ የምጠራው ሰው ፈልጌ ኮሪደር ድረስ ወጣሁ። ያን ቀን ነው የገባኝ። ትዝታ እኛ ዘንድ ቅኝት ነው፤ ሁሉም በዚያው ቅኝት የየራሱን ይዘፍናል። ከሁለተኛው አልበም ጋር ያወዳደርኩት ለካ 10 ትራኮችን አልነበረም፤ ያቺን ቲኬት ቤት፣ ለእናቴ የጻፍኩትን ደብዳቤ፣ የ20ዎቹን ዕድሜዬን፣ የአባቴን ድምፅ ነበር። ናስ ምን ቢሠራ እነዚያን መልሶ ሊሰጠኝ አይችልም። እኔ ግን ያንን ነበር የጠየቅኩት፤ አልሰጥህም ብሎ የከዳኝም መስሎኝ ነበር። እናንተም አዲሱን አልበም ስትከሱ፣ ክሱ ውስጥ የግላችሁ ትዝታ ምን ያህል እንዳለበት ፈትሹልኝ። ትዝታችሁን ጣሉት አልላችሁም፤ እኔም የእኔን አልጥልም።

እሱ ግን እኛን ቆሞ አልጠበቀም። በመጋቢት 2021፣ በ47 ዓመቱ፣ ከፕሮዲዩሰሩ ሂት ቦይ ጋር በሠራው «ኪንግስ ዲዚዝ» የመጀመሪያ ግራሚውን ወሰደ። በዚያው ወር «ኢልማቲክ» የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ በሚጠብቃቸው ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ ገባ።

መሳቢያው ውስጥ የተውኩት ሲዲ ምን ሆነ? ከእኔ ጋር በፈረቃ የሚሠሩ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ አገር ቤት ወታደር ነበሩ፣ በሱዳን በኩል ነው የመጡት። ሲዲውን አግኝተው ሌሊት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ያጫውቱታል። ክረምት ነው፣ በረዶ ይጥላል፣ ፈረቃ ልቀበል ስገባ አንዱ ዘፈን ላይ አስቁመውኝ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ምንድን ነው የሚለው? ድምፁ ያዘነ ሰው ይመስላል» አሉኝ። እዚያ ዘፈን ላይ ደርሼ አላውቅም። እየሰማሁ፣ እያስቆምኩ፣ በአማርኛ እየመለስኩላቸው ሄድኩ። የሚናገረው ሽጉጥ ነው። ሰው ማጥፋት ሰልችቶታል፤ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ከርሟል፤ ሰዎች እያነሱት ነው እንጂ እሱ አልፈለገም። በመጨረሻ ባለቤቱ ምላጩን ሲስብ ሆን ብሎ አልተኩስም ይላል፤ ባለቤቱም ይሞታል። ስተረጉም ነው ግጥሙን የሰማሁት፤ ላልፈው የምችለው አንድም ቃል አልነበረም፣ እያንዳንዱን ላቃናላቸው ነበረብኝና።

ጋሼ እጃቸውን ማሞቂያው ላይ ዘርግተው ብዙ ዝም አሉ።

«ከዚያስ?» አሉኝ። «ወድቆ ቀረ?»

«የለም፣ ሌላ ሰው አነሣው።»

«እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው።»

መለስኩት። ሲነጋ ኮታቸውን ደርበው ሲዲውን ወደ ኪሳቸው ሲከቱት ለአንድ ቀን እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው።