ካረጥን በኋላ ፋቲ ሊቨር፣ ሆርሞንና የካንሰር ስጋት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ካረጥሽ 3 ዓመት ሆኖሻል፣ በአልትራሳውንድ «ፋቲ ሊቨር አለብሽ»፣ ማለትም ጉበትሽ ላይ ስብ ተከማችቷል፣ ተብለሻል፣ አሁን የሚያስጨንቅሽ የሴት ሆርሞንሽ ስለቀነሰ ነገሩ ወደ ጉበት ካንሰር ይሄድ እንደሆነና ሆርሞን በመድኃኒት መተካት ያድንሽ እንደሆነ ነው። እኔም ካረጥኩ በኋላ ነው ይኸው የተነገረኝ፤ ዛሬም ክትትል ላይ ነኝ።

ስጋትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የጉበት ካንሰር ወንዶችን ከሴቶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል። ወንዶች አልኮልና ሲጋራ ማብዛታቸው አንድ ምክንያት ቢሆንም፣ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ጉበትን እንደሚጠብቅም ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ኢስትሮጅን በጉበት ውስጥ «ኢንተርሉኪን 6» የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር እንደሚገታ አሳይቷል። ስናርጥ ይህ ጥበቃ ይላላል። ስቡም ከዳሌና ከጭን ለቆ ሆድ ላይ ይሰፍራል፣ ኢንሱሊን እንደ ድሮው አይሠራም፣ ጉበት ስብ ያከማቻል።

ነገር ግን ከስብ እስከ ካንሰር መንገዱ ረጅም ነው። ስቡ ብግነት ያመጣል፣ ብግነቱ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ሲበዛ ሲሮሲስ ይሆናል። አብዛኞቻችን መጀመሪያው ላይ እንቀራለን። ካንሰሩ ያለ ሲሮሲስም አልፎ አልፎ ይከሰታል፤ ዋናው አደጋ ግን ያለው ጠባሳው ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪምሽን «ጠባሳው ምን ያህል ደርሷል?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ይህን እስክጠይቅ ድረስ የተነገረኝ «ቅባት ቀንሺ» ብቻ ነበር።

ለመጀመሪያ ግምት ውድ ምርመራ አያስፈልግም፤ «ፊብ-4» የሚባል ስሌት አለ። ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ በደም ምርመራ የሚለኩ የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ፕላትሌት ደግሞ ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ ነው፣ በሺህ ይቆጠራል። ዕድሜሽን በኤስጂኦቲ ታባዢዋለሽ፤ ከዚያ ፕላትሌትሽን በኤስጂፒቲ ስኩዌር ሩት ታባዢና የመጀመሪያውን ውጤት በሁለተኛው ታካፍይዋለሽ። ለምሳሌ የ58 ዓመት ሴት ኤስጂኦቲዋ 40፣ ኤስጂፒቲዋ 36፣ ፕላትሌቷ 210 ሺህ ቢሆን፣ 2320 ለ1260 ሲካፈል 1.84 ይመጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ነገር አነስተኛ ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት መነሻው 2 ነው። የዚህች ሴት ውጤት ከ1.3 በላይ ስለሆነ ቀጣዩ ፋይብሮስካን፣ ማለትም የጉበትን ጥንካሬ ከውጭ የሚለካ መሣሪያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል፣ በየሆስፒታሉ ግን አታገኚውም። ሲሮሲስ ከተገኘ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መታየት ግድ ነው።

ወደ ሆርሞኑ ስመጣ፣ ለጉበት ተብሎ የሚታዘዝ ሆርሞን የለም። የሚሰጠው ድንገት ለሚመጣው ሙቀትና ላብ፣ አንዳንዴም ለአጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ሌላው የሴት ሆርሞን ዓይነት) አንድ ላይ በወሰዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ሙቀቱ እንቅልፍ ከነሳሽ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት በአንጀት በኩል ቀጥታ ጉበት ውስጥ ስለማይገባ ይመረጥ ይሆናል። ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ ግን እባክሽ እንዳትጀምሪ።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ይህን ነው፦ ማረጥ ማለት ኢስትሮጅን ጨርሶ ጠፋ ማለት አይደለም። ካረጥን በኋላ የስብ ሕዋሳችን ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ የሚመጣውን ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጠዋል። ውፍረት ሲጨምር እሱም ይጨምራል። ጉበት ደግሞ የጾታ ሆርሞኖችን አስሮ የሚይዝ ፕሮቲን ያመርታል፤ ኢንሱሊን ሲበዛና ጉበት በስብ ሲጨናነቅ ይህ ፕሮቲን ስለሚቀንስ ልቅ ሆርሞን በደም ውስጥ ይበዛል። ይህ የጡትንና የማህፀንን ካንሰር ያበረታታል። ስለዚህ በጉበቱ ተጨንቀሽ የጡት ምርመራሽን እንዳትረሺ። ካረጥሽ በኋላ ጠብታ ደም እንኳ ካየሽ «ወር አበባዬ ተመለሰ» ብለሽ አትለፊው፣ በዚያው ሳምንት ታዪ። ደግሞም ፋቲ ሊቨር ያለበትን ሰው ከሁሉ በላይ የሚገድለው የልብ በሽታ ነው፤ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል አብረው ይታዩ።

ክብደት ካለሽ ከክብደትሽ 5 በመቶውን መቀነስ ስቡን ያሳንሳል፣ ብግነቱ እንዲበርድ ግን ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ይፈልጋል። እኔን የረዳኝ ከምሳ በኋላ በእግር መሄድና የጾም ወጥ ላይ የማፈሰውን ዘይት መቀነስ ነው፤ ጾም ስለሆነ ብቻ ጉበት አያርፍም፣ ሽሮው በዘይት ከተንሳፈፈና እንጀራው ከተደራረበ። ቡናሽን አትተዪ፣ በብዙ ጥናቶች ከጉበት ካንሰር መቀነስ ጋር ተያይዟል፤ ስኳሩን ተዪው።

የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አድርገሽ ካላወቅሽ ግን ከሁሉ በፊት እሱን አሠሪ። አገራችን ውስጥ ለጉበት ካንሰር ከዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ እሱ ነው። ከተገኘብሽ ልጆችሽና እህት ወንድሞችሽም ይመርመሩ፤ ነፃ ከሆኑ ክትባት አለው።